ንቧን የመለሰችው የቀጋ አበባ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከመሃል የሚያቋርጠኝ ካለ ግን ተረቴን ይዤ እሄዳለሁ!

ድሮ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ቀጋ ነበረች። ቀጋን ታውቋታላችሁ፤ እሾሃም ናት፣ አበባዋ ነጭ፣ ፍሬዋ ቀይ። ከአበቦቿ ሁሉ ትልቋ ጫፍ ላይ ፈክታ ነበር። እሷ ታዲያ ጭንቀታም ነበረች። «ወይኔ! ማንም ሳያየኝ ልረግፍ ነው!» ትላለች ጠዋት ማታ።

አንድ ማለዳ የዱር አበባ የምትስለው ስንዱ ታጣፊ ወንበሯን አንግታ መጣች። አበባዋን ስታይ «እሰይ የኔ ቆንጆ! አንቺን ነው የምስለው» ብላ ቀለሟንና ብሩሿን ዘረጋች።

አበባዋ ደስታዋን ሳትጨርስ ብሩሹ ተቆጣት።

«እንዳትነቃነቂ! ከተነቃነቅሽ ተበላሸሽ!»

ድርቅ አለች። ወዲያው ንብ መጣች።

«እንደምን አደርሽ እመቤቴ? ከወዲያኛው ቀጋ የአበባ ብናኝ ይዤልሻለሁ። ካልተቀበልሽኝ ፍሬ የለም። ልግባ?»

«ኧረ ተይ፣ እየተሳልኩ ነው! በኋላ ነይ።»

ንቧ ሄደች። ፀሐይ ከረረች። አንዷ ነጭ የአበባ ቅጠሏ ላላች፤ አበባዋ በፍርሃት ጨምድዳ ያዘቻት። ንቧ ተመለሰች።

«አሁንስ እመቤቴ?»

«ምን ጉድ ነው! ጎኔ ተስሎ አላለቀም። በኋላ ነይ አልኩሽ እኮ!»

ንቧ ሄደች። ወደ ማታ ነፋስ ተነሳ። ነጭ ቅጠሎቿ ሁሉ ላሉ። ንቧ ደክሟት መጣች።

«እባክሽ እመቤቴ፣ ወደ ቀፎዬ መግባቴ ነው። ነገ አንቺ የለሽም።»

«በናትሽ አትንኪኝ! ከነካሽኝ እረግፋለሁ!» አለች አበባዋ እየተንቀጠቀጠች።

«እንግዲህ እንዳልሽ» አለች ንቧ። ከሥሯ ያለች፣ ትል የበላት ጎባጣ አበባ «ኧረ ወደ እኔ ነይ እህቴ፣ ግቢ!» ብላ ተቀበለቻት።

ስንዱ «ተመስገን፣ አለቀ!» ብላ ወረቀቱን አነሳች። ትልቋ አበባ መልኳን አየች። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» አለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ ረገፈች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አይጣል ነው። ከቅርንጫፉ ጫፍ የቀረችው ጉቶዋ «ዛሬ አፈራ ይሆን? ነገ ይሆን?» እያለች ስትጨነቅ ከረመች። ምንም የለም። ደረቀች።

የቀጋ ፍሬ ሲቀላ ስንዱ ተመልሳ መጣች። የዱር አበባ የሚስል ሰው አበባዋን ብቻ ስሎ አይተውም፣ ፍሬዋንም እዚያው ወረቀት ላይ ይጨምራል። ጫፉን አየችና «ውይ፣ ይቺስ ባዶዋን ቀርታለች» አለች። ገፋ አድርጋት የጎባጣዋን ቀይ ፍሬ ሳለች።

«ብሩሽ፣ ከኔ መልክ ሥር ያለው ፍሬ የማን ነው?» አለች የደረቀችው ጉቶ።

«የሚያይሽ ሁሉ ያንቺ ነው ይላል።»

«እኔ ግን አላፈራሁም!» ብላ አለቀሰች።

እናንተም ሰው ይየን ብላችሁ ስትጨነቁ፣ ሕይወት ይዞላችሁ የመጣውን በኋላ ና አትበሉት። እኔ ጨረስኩ፤ አሁን የፈለጋችሁትን አውሩ።