የፈራው ላፕቶፕና የዶሮዋ ሦስት እንቁላል

ተረት ተረት ስላችሁ፣ በጭናችሁ የያዛችሁትን ሳትጥሉ «የላም በረት» በሉኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዕቃ ይናገር፣ ሰውም ያዳምጥ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ፈሪ ላፕቶፕ ነበር። «ላፕቶፕ ደግሞ የጥንት ነው እንዴ?» የምትል ምላስ ካለች ትሰብሰብ። ተረቱ የኔ ነው።

ላፕቶፑ የመምህርት ዘርፌ ነበር። ዘርፌ በየቆላው ዞራ ሽማግሌዎችን «ይህ ማሽላ ማን ይባላል? መቼ ይዘራል?» እያለች ድምፃቸውን በላፕቶፑ ሆድ አስቀምጣ ነበር። አሥራ ሰባት ሽማግሌዎች ተናገሩ። ከአሥራ ሰባቱ ሦስቱ ሞቱ። የሦስቱ ድምፅ ከላፕቶፑ ሆድ በቀር የትም የለም። ላፕቶፑ ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ሰላም የለውም። አንድ ጊዜ በፌስታል ተይዞ ሲሄድ ወድቆ ጥጉ ተሰንጥቋል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይደነግጣል።

ታዲያ ዘርፌ ድምፆቹን ለማስገልበጥ ወደ ከተማ ልትወስደው ሆነ። መንገዱ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው። በነጠላዋ ጠቅልላ ገበያ ወሰደችውና ቦርሳ ሻጩ አቶ እንድሪስ ዘንድ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

«አቶ እንድሪስ፣ ቲኬት ቆርጬ እስክመለስ አደራ። ስመጣ ቦርሳ እመርጥለታለሁ።»

«ሂጂ፣ አታስቢ» አሉ አቶ እንድሪስ።

እሷ እንደሄደች ቦርሳዎቹ ተንጫጩ።

«እኔን ምረጥ!» አለች የምታብረቀርቀው እመት ቆዳ ቦርሳ። «ከኔ ጋር ያየህ ሁሉ ተነሥቶ ወንበር ይለቅልሃል።»

«እኔን ምረጥ!» አለ ባለ ጠንካራ ልባሱ አያ ሻንጣ። «እኔ አልሰበርም!»

ላፕቶፑ «አልሰበርም» የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ ዘለለች። ፈሪ ሁልጊዜ ጮክ ብሎ የሚናገረውን ያምናል። «አያ ሻንጣ፣ አንተው ውሰደኝ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ቆይ፣ ልጄ!» የሚል ድምፅ ከምሰሶው ሥር መጣ። እግሯን የታሰረች ዶሮ ነበረች። «ሲጥሉህ ምን ትሆናለህ ብለህ ጠይቃቸው።»

ላፕቶፑ ጠየቀ። «እመት ቆዳ ቦርሳ፣ ቢጥሉሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«እኔን? እኔን ማን ደፍሮ ይጥለኛል!»

«አያ ሻንጣ፣ አንተስ?»

«እኔ አልሰበርም።»

«እኔስ?»

«አንተን አላውቅም። እኔ ግን አልሰበርም።»

አቶ እንድሪስ ማንም ስላልፈለገው እንደ መቀመጫ የሚቀመጡበት አንድ ግራጫ ቦርሳ ነበር። ወፍራም፣ መልከ ጥፉ፣ ማንገቻው ሰፊ። እሱንም ጠየቀው።

«ሲጥሉኝ እኔ ቀድሜ መሬት እነካለሁ» አለ ግራጫው። «የሰፋኝ ሰውዬ ድሮ ለአህያ መደላድል ይሠራ ነበር። ጭነት የአህያ ጀርባ እንዳይልጥ፣ ጀርባም ጭነት እንዳይጎዳ ያውቅበታል።»

ላፕቶፑ አላመነም። እንዴት ይመን? አስተማማኝ ነገር መልክ ያለው ይመስለዋላ!

ዶሮዋ «እንግዲያው እንፈትናቸው» አለች። «የሦስት ቀን እንቁላሎቼ ከጎኔ በጭድ ላይ አሉ። ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ስታመጣቸው አንዱም አልተሰነጠቀ። ጭድ ጠንካራ ሆኖ ነው? አቅፎ ስለያዘ ነው እንጂ።»

«እመት ዶሮ፣ ቢሰበሩብሽስ?»

«እኔ ለነገው በዓል ተሸጫለሁ። ገዢዬ ጨው ሊገዛ ሄዷል። ከኔ የሚቀረው እነዚህ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢተርፍ ይበቃኛል።»

አቶ እንድሪስ ዘወር ሲሉ ገመዷ እስከደረሰላት እየተንፏቀቀች በመንቁሯ እየገፋች በእያንዳንዱ ቦርሳ አንድ አንድ እንቁላል ከተተች።

ገዢዎች መጡ። አቶ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ቆዳዋን ቦርሳ አንስተው ቷ! ቷ! ቷ! እያደረጉ በጥፊ መቷት፤ ቦርሳ ሻጭ ጥንካሬ የሚያሳየው እንዲህ ነው። እንቁላሉ ተሰበረ። ደግሞ አያ ሻንጣን መሬት ላይ አፍርጠው ላዩ ላይ ቆሙበት። «ይኸው! ሰው ይሸከማል!» እንቁላሉ እንክትክት አለ።

«አልሰበርም ብዬህ የለ!» አለ አያ ሻንጣ፣ አስኳል ከታቹ እየተንጠባጠበ።

አንዱ ገዢ የተሰበረውን እንቁላል ሳያይ ሻንጣውን ወደደና ወሰደው።

አቶ እንድሪስ «ይሄን ደግሞ ማን ይፈልገዋል!» ብለው ግራጫውን ከመንገዳቸው ወዲያ ወረወሩት። ቦርሳው በአየር ላይ ሄደ። ላፕቶፑ ፈራ። ዶሮዋም ፈራች፤ የመጨረሻዋ እንቁላል ነበረች። ጧ! ብሎ ወደቀ።

ግራጫው ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። እንቁላሏ ደህና ነበረች።

ዘርፌ ስትመለስ እጇ ሌላ አንጸባራቂ ሻንጣ ላይ አረፈ። «ይሄ ጠንካራ ነው፤ ይሻልሃል።»

«እትዬ ዘርፌ፣ ጥንካሬው ለራሱ ነው!» አለ ላፕቶፑ። ያየውንም ሁሉ ነገራት።

ዘርፌ ላፕቶፑን በግራጫው ውስጥ ከታ በትከሻዋ አነገተችው። ማንገቻው አልቆረጣትም። ለዶሮዋ ባለቤት የሦስቱንም እንቁላል ዋጋ ከፍላ፣ የተረፈችውን በቦርሳው ኪስ በጭድ ጠቀለለቻት። ዶሮዋ እንቁላሏ እስክትርቅ ድረስ አንገቷን አላጠፈችም።

መናኸሪያ ሲደርሱ ጫኙ ቢራራ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቆሟል። ያ ገዢ ይዞት የመጣውን የአያ ሻንጣን ጀርባ አንኳኳና «ይሄ ጠንካራ ነው፣ ከታች ይሁን!» አለ። ሽንኩርት በላዩ ጫነበት። «አልሰበርም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሦስተኛው ኩንታል በኋላ አልተሰማም።

ግራጫውን ማንም ጠንካራ አላለውም፤ ስለዚህ በዘርፌ ጭን ላይ ተቀመጠ። ግማሽ መንገድ ላይ በሬ ከአውቶቡሱ ፊት ገባና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ቦርሳው ከጭኗ ተወርውሮ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

ዘርፌ ቦርሳውን ከወለሉ አነሣችው። ዚፑን ሳበችና ከፈተችው። ላፕቶፑን ነካችው። ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ በራ። ከሞቱት ሦስቱ አንዱ፣ አባ ይመር፣ በአውቶቡሱ መካከል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦

«ይቺ ማሽላ እንኳ ልጄ፣ ወተት በጉንጬ ትባላለች። ከእሸቷ ስትበዪ ይገባሻል።»

ዘርፌ አለቀሰች። እንቁላሏም በከተማ እንቁላል በታቀፈች ዶሮ ሥር ሰንብታ፣ በሃያ አንደኛው ቀን ጫጩት ሆና ቅርፊቷን ራሷ ሰበረች።

እና ልጆቼ፣ የምትሳሱለትን ነገር አደራ ስትሰጡ «አንተ ትሰበራለህ ወይ?» አትበሉ። «ስትወድቅ የኔን እንዴት ትይዝልኛለህ?» በሉ። ተረቴንም መልሱ፤ ስትመልሱ ግን ደልድላችሁ መልሱ።