እመት አህያ ለሽርሽር የወጣች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ በለበሰበት ሰሞን፣ ጋሽ ቀበሮ እመት አህያ ቤት መጣና «ዕድሜሽን ሙሉ ጭነት ስትሸከሚ ኖርሽ። ነገ ከአያ ጅቦ ጋር ወደ ጥብቁ ደን ለሽርሽር እንሄዳለን። ነይ፣ አንቺም ትንሽ አየር ይንካሽ» አላት።

«ከማን ጋር? ኧረ በስማም! እኔ ከጅብ ጋር ሽርሽር?»

«የድሮው ጅብ መሰለሽ እንዴ? ሥጋ እርም ካለ ቆየ። ጾመኛ ሆኗል እኮ!»

የዋህ ናትና አመነች። እንዲያውም ባዶ እጄን አልሄድም ብላ የበሶ ጭብጦ ስታድቦለቡል ዋለች። በማግስቱ ስንቁን የተሸከመው ማን ይመስላችኋል? እሷው ናት! ሽርሽር ሄዳም ከጭነት አልዳነችም።

ደኑ ግን ልብ ያሳርፍ ነበር። ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬው እንዳይታደን ተከልሎ የኖረ ስለሆነ ከወፍና ከምንጭ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። መሃል ደን ሲደርሱ እመት አህያ ስንቁን አወረደችና ውሃ ልትጎነጭ ወደ ምንጩ ወረደች። እዚያ ሆና የሁለቱን ሹክሹክታ ሰማች።

«ምን እንጠብቃለን? ምራቄን ስውጥ ልሞት ነው!» አለ ጅብ።

«ቀስ በል። መጀመሪያ ምሳችንን እንብላ፤ ከዚያ እሷን ትበላለህ። ለእኔ ጉበቷን ተውልኝ» አለ ቀበሮ።

እመት አህያ ልሩጥ ብትል ጅብ ይቀድማታል። ልጩህ ብትል የደኑ ዘበኛ ጉሬዛ ያለው ሩቅ፣ በሩ ላይ ነው። «አለቀልኝ!» አለች በሆዷ። ቆይታ ግን አሰበች፤ ይሄ ሆዳም የቀረበለትን ምግብ መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል?

ፊቷን አብርታ ተመለሰችና ትልቁን ጭብጦ አነሳች። «አያ ጅቦ፣ እንካ ጉረስ!»

«ኧረ ተይ፣ ለኋላ ቦታ ልተው...»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

በሞቷ ስትለምነው ጅብ እንዴት ደስ አይበለው? ጎረሰ። «ድገም! አታሳፍረኝ!» ደገመ። ቀበሮ «ለእኔስ?» ማለት አማረው፤ ግን ጉርሻ ተለምኖ አይጎረስምና ይሉኝታ ይዞት አፉን ዘጋ። ስንቁ ሁሉ ዓይኑ እያየ አለቀ።

«በል አሁን ውሃ ጠጣበት» አለች እመት አህያ። ጅብ ምንጩ ላይ ተደፍቶ ጠጣ፣ ጠጣ። በሶው ሆዱ ውስጥ አበጠና እንደ ከበሮ ነፋው። እየተንከባለለ ዝግባ ሥር ተዘረረ።

«ተነስ እንጂ! ልታመልጥህ ነው!» አለ ቀበሮ ጆሮውን እየጎተተ።

«ተወኝ ወንድሜ፣ ስለ ምግብ አታንሳብኝ» አለና ማንኮራፋት ጀመረ።

ቀበሮ ብቻውን አህያ አይጥል! ቆሞ ሲያይ እመት አህያ ሽምጥ ጋለበች፤ ወደ ኋላም አልዞረች። በሩ ላይ ስትደርስ ጉሬዛ ከዛፉ ሆኖ «ምነው ብቻሽን? ሽርሽሩ እንዴት ነበር?» አላት።

«እፎይ!» አለች፣ እያለከለከች፣ እየሳቀች። «ምሳ ሳልበላ ወጣሁ፣ ምሳም ሳልሆን ወጣሁ። ተመስገን ነው!»

ከዚህ የምንማረው ጠላታችን ጠባዩን ለወጠ ስለተባልን ብቻ አብረነው መንገድ እንዳንጀምር፣ ከጀመርንም ድንጋጤያችንን ውጠን መላ መፈለግ እንዳለብን ነው።