ጭላዳ ካባ የለመነ ዕለት

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ስጡኝ። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን እሱው ይጨርሳት።

ድሮ፣ አራዊት ሁሉ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ አንበሳ ንጉሥ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ ወርዶ ደጅ ጠና። መጀመሪያ የንጉሡን ጎፈር አበጠረ። ቀጥሎ ምግብ ቀማሽ ሆነ። ኋላማ ያለ እሱ ፈቃድ ንጉሡ ፊት የሚቀርብ ጠፋ። ዝሆን እንኳ ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታዬ ጭላዳ፣ እንደምን አደሩ?» ይለው ጀመር። ወይ ጉድ!

አንድ ነገር ብቻ ቀረው። በዘመቻ ቀን በወርቅ የተጠለፈውን የንጉሡን ካባ የሚለብሰው ከርከሮ ነበር፤ ፊቱ ጠባሳ ብቻ የሆነ ሽማግሌ። ጭላዳ ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርራል።

ነብሮች ሊወጉ መጡ በተባለ ዕለት፣ «ጃንሆይ፣ ካባዎን ይህ ጭቃ ለባሽ ይልበሰው? ለእኔ ይስጡኝ እንጂ» አለ።

አንበሳ ዞሮ አየው። «ትፈልገዋለህ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ያንተ ነው።»

ከርከሮ ካባውን እያወለቀ፣ «ልጄ፣ ይሄ ለምን እንደሚለበስ ልንገርህ» አለው።

«ቀናህ እንዴ?» አለ ጭላዳ።

«ስማኝ ልጄ፣ ልንገርህ።»

«አልሰማም!»

«ኧረ ልንገርህ!»

«ወግድ!»

ከርከሮም ወገደ።

ነብሮች ወርቁን ከሩቅ ሲያዩ፣ «ንጉሡ ያውና!» ብለው ሁሉም ጭላዳ ላይ ሰፈሩበት። ካባው የተሰፋው ለዚሁ ነበር፤ ጠላት ለባሹን ንጉሥ መስሎት ሲቧጥጥ፣ እውነተኛው ንጉሥ በጎን ዞሮ ይመታል።

«እናቴ ትሙት፣ እኔ ንጉሥ አይደለሁም! ንጉሡ ያ ቁጥቋጦ ሥር ነው!» ብሎ ጭላዳ በጣቱ አሳየ።

ነብሮቹ ዞር ሳይሉ አንበሳ ዘሎ ወጣባቸው፤ ሸሹ። ድሉ የአንበሳ ሆነ። የጭላዳን ጣት ግን አይቷታል።

«ከርከሮ ስንት ጊዜ ተነከሰ?» ሲል ጠየቀ።

«ሰባት ጊዜ፣ ጃንሆይ» አለ ዝሆን።

«ስንት ጊዜ ጠቆመብኝ?»

«ኧረ አንድም ጊዜ!»

«ካባውን ግፈፉት።»

ካባው ከደሙ ጋር ደረቱ ላይ ደርቆ ስለነበር፣ ሲገፍፉት ጠጉሩን ይዞ ወጣ። ጭላዳ እያለቀሰ ወደ ገደሉ ተመለሰ። ይኸው እስከ ዛሬ ሣር ይነጫል፤ ደረቱም ቀይ፣ ራቁቱን የቀረ ነው።

እናንተም ሹመት ያማራችሁ ዕለት፣ ለምን እንደሆነ ሰጪውን አትጠይቁት፤ አይነግራችሁም። ከእናንተ በፊት የለበሰውን ጠይቁት።