የማዶውን አገር ያየው ጸሐፊ

አንድ ንጉሥ ከወንዝ ማዶ ያለውን ባላንጣ አገር ሊወጋ አሰበና ጓዳውን አይቶ እንዲጽፍለት ይርዳው የተባለውን ጸሐፊውን ላከ። ይርዳው ብዕሩ የሰላ ነበር። ሰውን መጠየቅ ግን ውርደት ይመስለዋል።

መንገደኛ መስሎ ተሻገረ። ያረፈበት ቤት ሁሉ በደስታ ተቀበለው፤ ማዕድ የሚቀርበው ግን ለእሱ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ዙሪያውን ቆሞ ሲበላ ያየዋል። ይርዳውም «ይህ ሕዝብ በረሃብ አልቋል፤ የእንግዳን ጉርሻ በዓይኑ ይከተላል» ብሎ ጻፈ። አጻጻፉን ወደደው፤ ደጋግሞ አነበበው።

ሊመለስ ሲነሣ ያሳደሩት ሽማግሌ፦

«እንግዳዬ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አሉት።

«ያገራችሁን ረሃብ ነው፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ሳቁና ጎተራቸውን ከፍተው አሳዩት። እስከ አፉ ጤፍ ሞልቶታል።

«እኛ እንግዳ ሳይጠግብ እህል አንቀምስም፤ ወጋችን ነው። ብትጠይቀን እንነግርህ ነበር።»

«ዓይን አለኝ ብዬ ነው።»

«ዓይንማ በሬም አለው» አሉት።

ይርዳው መንገዱን ሁሉ ያንን ገጽ ልቅደደው እያለ ሄደ። ንጉሡ ፊት ሲቆም ግን ያማረው አጻጻፉ አሳሳው፤ እንዳለ አነበበው። ንጉሡ ደስ ብሎት ካባ አለበሰው። በማግስቱ ክተት ታወጀ።

የይርዳው አንድያ ልጅ መኩሪያም ሊዘምት የሦስት ቀን ስንቅ ብቻ ይዞ አባቱን ሊሰናበት መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል።

«አባባ፣ የተራበ ሕዝብ ነው፣ ቶሎ ትመለሳላችሁ ብለውናል። እርስዎ አይተዋቸዋል፤ እውነት ነው?»

ይርዳው የጎረቤቶቹን ፊት አየ። አሁን ተሳስቻለሁ ቢል መሳቂያ ሊሆን ነው።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለው።

ልጁም አባቱን አምኖ፣ ጉልበቱን ስሞ ሄደ። ከወንዙ ማዶ የጠበቀው የጠገበ ጦር ነበር፤ መኩሪያም ከነጓደኞቹ እዚያው ቀረ። ለቀስተኛው «ጨካኝ ጠላት ነጠቀህ» እያለ ሲያጽናናው ይርዳው አንገቱን ደፍቶ ማጽናኛውን ተቀበለ። ያን ጊዜም እውነቱን አልተናገረም። ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እሱ ግን አውቆ አስጨረሰ።

ወገኖቼ፣ የሰው አገር አይቶ መሳሳት በማንም ይደርሳል፤ ጠይቆ መታረምም ይቻላል። ስህተቱን አውቆ «ተሳስቻለሁ» ማለት ላቃተው ሰው ግን፣ ስለ ኩራቱ የሚሞተው እሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። እርስዎስ ስለ ጎረቤትዎ የተናገሩት፣ ኋላም ሐሰት መሆኑን የደረሱበት ነገር የለም? ማን አምኖዎት ሄደ?