የግራዝማች ሁዳድና የአያ ዳምጤ ገብስ

አያ ዳምጤ የሚባል ጢሰኛ ነበር አሉ፤ መሬት የሌለው፣ ምላስ ግን የተረፈው። የሚያርሰው የግራዝማች ውቤነህን መሬት ነው። ካመረተው ሲሶውን ለጌታው ይሰጣል፤ በዚያ ላይ የጌታው ሁዳድ ሲታረስም ሲታጨድም የራሱን ሥራ ጥሎ መውጣት አለበት። ግራዝማች «ግዴታ» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው የማትለይ ሰው ነበሩ፤ የሌላው ሰው ግዴታ ሲሆን ማለቴ ነው።

አንድ ዓመት ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የዳምጤ ገብስ ከሁዳዱ እኩል ደረሰ። ሰማዩ ደግሞ አላማረም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ያችኑ ገብስ ነውና ግራዝማች ደጅ ሄዶ የአንድ ቀን ፈቃድ ለመነ። ግራዝማች ተቆጡ።

«ግዴታ ያለብህ አንተ ብቻ መሰለህ? አንተን ማዘዝ፣ ስትሠራ ቆሞ ማየት፣ ስትለግም መቆጣት የኔ ግዴታ ነው። ይኼ ቀላል መሰለህ?»

ዳምጤ እጅ ነሳና፣ «እግዜር ያበርታዎ ጌታዬ! እንዲህ ከከበደዎትማ ለነገ እንለዋወጥና ልገላግልዎ» አለ።

ፈቃዱ ቀረ። በማግስቱ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ሁዳድ ወጣ። አጫጁን ማብላትና ማጠጣት የጌታው ፈንታ ነው፤ ግራዝማች ግን ብቅሉንም ጌሾውንም ቆጥበው ያስጠመቁትን ጠላ አስቀዱ። ሞልቶም የዋንጫው ቂጥ ይታያል። እሳቸው በቅሏቸው ላይ ሆነው፣ «እህ ዳምጤ፣ ጠላው እንዴት ነው?» አሉ።

«እግዜር ይስጥልን ጌታዬ፤ ወንዝ ከመውረድ አዳኑን።»

ቀትር ሲያልፍ ጥቁር ደመና ተነሣ፤ የሚመጣውም በዳምጤ ማሳ በኩል ነው። በዚያ ዘመን ሰው «በጌታው አምላክ ቁም!» ከተባለ ዳኛ እስኪደርስ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ዳምጤ ማጭዱን ጣለና ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ «አንተ ደመና፣ በግራዝማች ውቤነህ አምላክ ቁም!» ብሎ ጮኸ። አጫጁ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ግራዝማች፣ «አብደሃል እንዴ? ምን ማለትህ ነው?» ቢሉት፣

«እኔ በስምዎ ገብሴን ጥዬ እዚህ ቆሜ የለም? እሱም ግዴታ እንዳለበት ልየው ብዬ ነው» አለ።

ደመናው ግን የማንም ጢሰኛ አልነበረም። በረዶው የዳምጤን ገብስ ከአፈር ደባለቀው። ሁዳዱ በረዶው እስኪደርስ ታጭዶ ተከምሮ ስለነበር ምንም አልሆነ። ዳምጤ ሲመለስ ሚስቱ የሺመቤት ማሳው ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ልጆቹን ምን ላብላቸው?» አለችው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ አብሯት አለቀሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግራዝማች ደግሞ «ሲሶዬን ከለከለኝ» ብለው ከዳኛ ፊት አቆሙት። «ግዴታውን ይወጣ፤ እምቢ ካለ በሬውን እነዳለሁ» አሉ። በሬው ከሄደ ለከርሞም የሚያርስበት የለውም።

ዳኛው ወደ ዳምጤ ዞሮ፣ «አንተ ሰው፣ የጌታህ ሲሶ የት ነው?» ሲል ጠየቀው።

«አለ ጌታዬ። የኔን ሁለት እጅ በረዶ በላው። የግራዝማችን ሲሶ ግን ግዴታ ነውና ጫፉን አልነካሁትም፤ እዚያው ማሳው ላይ ጭቃ ለብሶ ይጠብቃቸዋል።»

ሸንጎው አውካካ። ዳኛውም ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ፣ «ሲሶ የሚወሰደው ከማሳ ነው። ግራዝማች ሄደው ያንሱ፤ በሬው አይነካም» ብሎ ፈረደ።

«እኔ ነኝ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ገብስ የምለቅመው?» ብለው ጮኹ ግራዝማች።

ዳምጤ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው።

«ግዴታ ነዋ ጌታዬ! ጠላው ግን አያሳስብዎ፤ ወንዙ ቅርብ ነው።»