የሹም ዩዋን ወንበር

አንዱ አለቃ በር ላይ ቆሞ ሠራተኛውን ሲያስፈትሽና ሲያስጨንቅ፣ ከኋላ ቀስ ተብሎ የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ሰው ይስቅባትና ያልፋል። እኔ ግን መነሻዋን ካወቅኩ ወዲህ መሳቅ ትቻለሁ። ከቻይና ናት የመጣችው። ምነው? እዚያስ ሰው አይተርትም እንዴ?

ድሮ በዚያ አገር ደቡብ፣ በአንድ የወደብ ከተማ፣ ኦፒየም የሚሉት የሚጨስ መርዝ ሰዉን ፈጀው። የባዕድ መርከብ ያራግፈዋል፣ አባወራው ያጨሰዋል፣ ልጆቹ ይራባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሲሰሙ ሹም ዩዋንን ላኩት። ዩዋን ጉቦ የማይቀምስ፣ ሲበዛ ደረቅ ሰው ነበር። የነጋዴውን መጋዘን ሁሉ አስከፍቶ ኦፒየሙን ወረሰና ባህሩ ዳር ትልልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጉድጓዱ ውሃ፣ ጨውና ኖራ ይሞላል፤ ድቡልቡሉ ኦፒየም እየተፈረከሰ ይጣልበታል፤ ሠራተኞች በባዶ እግራቸው ጣውላ ላይ ቆመው ያማስሉታል፤ ሲሟሟ ወደ ባህር ይለቀቃል። ዩዋንም በየቀኑ አራት ሰዎች በትከሻቸው በሚሸከሙት መጋረጃ ባለው ወንበር ሆኖ እየመጣ ይቆጣጠራል።

«ከዚህ ፍርፋሪ ያወጣ አንገቱ ይቆረጣል» ብሎ አዋጅ አስነገረ። የቀልዱን አልነበረም። ሠራተኛው ሲወጣ ልብሱን አውልቆ ያራግፋል፣ አፉን ከፍቶ ያሳያል፤ በመጨረሻም እማማ ፔይ የሚባሉ ባልቴት እግሩን ያስታጥቡታል፣ በጣቶቹ መሃል ተጣብቆ እንዳይወጣ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኦፒየሙ ይጎድላል! ዛሬ ሁለት ድቡልቡል፣ ነገ ሦስት። ዩዋን ምግብ አልበላ አለው።

አንድ ቀን ጨው የሚበትን ኩን የተባለ ሠራተኛ «ሚስትህ ምጥ ይዟታል» የሚል መልእክት መጣለት። ልብሱን አራገፈ፣ አፉን አሳየ፤ እግሩን ግን ሳይታጠብ ሮጠ። ወታደሮቹ አንቀው መለሱት። የእግር ጣቶቹን ፈልቀቅ ቢያደርጉ ጥቁር ዝቃጭ አገኙ።

«ሌባው ተያዘ!» ተባለ። ዩዋን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ከጉድጓዶቹ በኩል ደረሰ። ሰይፈኛውም ተጠራ።

«ጌታዬ፣ ልጄን አንድ ጊዜ ልየውና ከዚያ ግደሉኝ» አለ ኩን፣ እንባው እየወረደ።

«ምጥ ለሌባ ይቅርታ አይሆንም» አለ ዩዋን።

እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ። እማማ ፔይ ግን እንስራቸውን አስቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«ጌታዬ፣ ሃያ ቀን ሙሉ የወጣውን ሰው እግር ሁሉ አስታጥቤያለሁ። የኩን እግር ሁልጊዜ እንደዛሬው ጥቁር ነው፤ የሌሎቹም እንደዚያው። ሳላስታጥብ የቀረሁት የአራት ሰው እግር ብቻ ነው።»

«የእነማንን?»

«የእርስዎን ተሸካሚዎች። ወንበርዎ በበሩ ሲያልፍ እኛም፣ ወታደሮቹም ግንባራችንን መሬት እናስነካለን፤ ደንቡ ነው። ታዲያ ግንባሩ መሬት ላይ ያለ ሰው ምን ያያል?»

ዩዋን ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንበሩን ፈትሹ!» አለ። ኧረ ማን ደፍሮ ይንካው! አንዱ ወታደር ሌላውን ያያል። በመጨረሻ ራሱ ወርዶ፣ ሲቀመጥበት የዋለውን ትራስ አነሳው። ከሥሩ ሦስት ድቡልቡል ኦፒየም ተገኘ።

የተሸካሚዎቹ አለቃ ታኦ ተንበረከከ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ወረድ ባሉ ቁጥር የሸጎጥነው ልንሸጠው አይደለም። ዕድሜያችንን ሹም ስንሸከም ኖረን፣ ትከሻችን ያለዚህ ጭስ አልችልም ካለ ቆየ። እርስዎንም እዚህ ድረስ ያመጣዎት እሱ ነው።»

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። መርዙን ከአገር ሊያጠፋ የመጣ ሰው፣ ለካ በመርዙ ጉልበት ነው ሲመላለስ የከረመው! ሰይፈኛው ትእዛዝ ይጠብቃል፤ አንገት ይቆረጣል ያለው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ነው። ዩዋን የታኦን ትከሻ አየ። የወንበሩ መሸከሚያ ያበጀው ጠባሳ እንደ ቆዳ ጫማ ደርቋል። ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም።

«ሰይፍህን መልስ» አለው ሰይፈኛውን። «ኩን፣ ሂድ ልጅህን እይ። እነዚህን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ እስኪድኑ ማንም እንዳይነካቸው።»

ከዚያ ካባውን ሰብስቦ፣ ጭቃውን በእግሩ እየረገጠ ወደ በሩ አመራ። ወታደሮቹ እንደ ልማዳቸው ሊደፉ ሲሉ «ቀና በሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። ጫማውን አውልቆ፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ እግሩን ለእማማ ፔይ ዘረጋ። እሳቸውም ውሃውን ቀስ ብለው እያፈሰሱለት፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «አይ ልጄ፣ ሁሉን በረበረ፣ የተቀመጠበት ቀረ።»