ዙሪያውን የተሰፋው የጠረጴዛ ልብስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ሰፊ ነው። «ወንድሜ የማያውቀውን በደሌን ብነግረው ምን እጠቀማለሁ? ዝም ብል አይሻልም?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰፊው በእጁ ሥራ የተመሰገነ ነበር፤ መመስገኑንም አሳምሮ ያውቃል። አንድ ቀን አንዲት ሴት የሟች እናቷን ባለአበባ የክት ቀሚስ ይዛ መጣች። «ልጄን እሑድ እድራለሁ» አለችው። «አያቷ ለሠርጓ አልደረሱላትም። ከዚህ ቀሚስ የጠረጴዛ ልብስ ስፋልኝ። ባንድ ፊቱ አበባው ለዓመት በዓል ይሁናት፤ በሌላው ፊቱ ነጭ አቡጀዲ አድርግበት፣ ለአዘቦት ትገለብጠዋለች። አደራ፣ ከእናቴ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።»

እንዲህ ያለው ባለሁለት ፊት ልብስ ሲሰፋ ጨርቆቹ ፊት ለፊት ይገጠማሉ፤ ውበታቸው ወደ ውስጥ ይሆናል። ከዚያ ዙሪያው ይሰፋና እጅ የምታስገባ ክፍተት ትቀራለች። በእሷ ስቦ መገልበጥ ነው። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። የእኛ ሰው ግን ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዞ አራቱንም ጎን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ስፌቱስ እንዴት ያምራል መሰለህ። አበባው ግን ውስጥ ቀረ።

ምላጭ አንሥቶ ሊተረትር ሞከረ። ጨርቁ አርጅቶ ሳስቷል። በአንድ እጁ ሲይዘው ይሸበሸብበታል፤ ምላጩም ክሩን ትቶ ጨርቁን ሊበላ ይደርሳል። ፈራና አጣጥፎ ከመደርደሪያው ሥር ወሸቀው።

ሐሙስ ሴትዮዋ መጣች። «ነገ ነይ» አላት። ሰፊ አይደል፣ ይህች ቃል አፉ ላይ ናት። ዓርብም መጣች፤ አሁንም «ነገ ነይ»። እህል አልወርድ አለው። «ካውያ አቃጠለው ልበላት? ሌባ ወሰደው ልበላት?» እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ደጁ ላይ ቆማ አገኛት። ፊቷ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም፤ እሱን የጎዳውም ይኸው ነው። «እህቴ፣ አጥፍቻለሁ» አላት። ሱቁን ከፍቶ ጨርቁን አወጣና ሁሉንም ነገራት፤ ሊዋሻት ያሰበውን ሳይቀር።

ሴትዮዋ ጨርቁን ዳበሰችው። «ተቀዷል?»

«አልተቀደደም። ለመፍታት ፈርቼ ነው።»

ተቆጥታለች፤ ታስታውቃለች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ወንበር ሳበችና ስፌቱን ከግራና ከቀኝ ወጥራ ያዘችለት። «በል ፍታ፤ ቀስ ብለህ» አለችው።

ጨርቁ ሲወጠር ክሩ አንድ ባንድ ቁልጭ ብሎ ታየው። ምላጩን እያስጠጋ በጠሰው፤ አንድ ስንዝር ያህል ከፈተ። እጁን ሰዶ ሲስበው አበባው ወጣ፤ ቀዩም ቢጫውም እንዳለ ነው። ሴትዮዋ «የእማዬ ቀሚስ» ብላ አለቀሰች፤ መልሳ ደግሞ ሳቀች። እሱም እፎይ ብሎ ክፍተቷን በእጅ ስፌት ዘጋት። እሑድ የጠረጴዛው ልብስ ከሙሽሮቹ ፊት ተነጠፈ፤ እሱም ተጠርቶ በላ፣ እህሉም ወረደለት።

ልጄ፣ አንተም በደልህን ዙሪያውን ሰፍተህ ዘግተኸዋል። ወንድምህ በመጣ ቁጥር ስቀህ ትሸኘዋለህ፤ ሆድህ ግን አላረፈም። ብቻህን ልትፈታው ብዙ ሞክረሃል፤ አይቼሃለሁ። ለዚህ ስፌት ያንተ ሁለት እጅ አይበቃም። የሚወጥርልህ የበደልኸው ሰው ነው፤ እሱም ሳትነግረው ሊይዝልህ አይችልም። ይቆጣኛል ብለህ ከሆነ፣ አዎ፣ ይቆጣ ይሆናል። ሴትዮዋም የያዘችለት ተቆጥታ ነው። በል ተነሥ፤ ወንድምህ አሁን ቤቱ ነው።